እርጥብ ካልሲ በቅዱስ ዲሜጥሮስ ቀን

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ስታኒያ ሚሎሳቭ ፔሪሺች
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ፊዚዮቴራፒስት፤ ጡንቻ የሚያነቃቁ ተለባሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ንድፍ አውጪ
አድራሻ፦ ሰርቢያ፣ ሞራቪሽቴ ከተማ፣ የድሮው ካልሲ ፋብሪካ ሰፈር
የጋብቻ ሁኔታ፦ የፈታች (ምስክሯ "ያባረረች ተብሎ ይጻፍ" ብለዋል)
ተጠርጣሪ፦ ራቶሚር ቤሊሚች፣ መሐንዲስ፣ በማረፊያ ቤት የሚገኝ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ኖቬምበር 13 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ኢንስፔክተር ኔጎስላቭ ትሪፑኖቪች

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ የሐሰት ቃል መስጠት እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ የማውቀውን እናገራለሁ። በቅድሚያ አንድ ነገር ይጻፍልኝ። ባለፈው ሰኞ ቃሌን ሊቀበል ተቀምጦ የነበረው መኮንን የወንድሜ የቩኮማን አበልጅ ነው። የቩኮማንን ልጅ ክርስትና ካነሳ ሰው ፊት ተቀምጬ ስለ ቩኮማን ቤት አልናገርም ብዬ ወጥቻለሁ። ዛሬ የመጣሁት ከሌላ ከተማ ኢንስፔክተር ስለተመደበ ነው። እርስዎንም ቢሆን አላምንዎትም፤ ግን በዚህ ከተማ የማንም አበልጅ አለመሆንዎን ጠይቄ አጣርቻለሁ።

ተጠርጣሪው ራቶሚር ቤሊሚች የቀድሞ ባሌ ነው። ወንድሜ የከሰሰው "የአባቴን እግር ሆን ብሎ በኤሌክትሪክ አቃጠለ" በማለት ነው። ሰኞ ዕለት ያ አበልጅ ባይኖርና ቃሌን ብሰጥ ኖሮ እኔም እንደ ወንድሜ በራቶሚር ላይ ነበር የምመሰክረው። ደስ እያለኝ ነበር የምመሰክረው። ዛሬ የምለው ግን ሌላ ነው፤ እውነቱን ያወቅሁት ትናንት ስለሆነ።

ከራቶሚር ጋር የምንሠራው ካልሲ ነው። ተራ ካልሲ አይደለም። ስትሮክ የመታው ሰው እግሩን ሲያነሳ ጣቶቹ ወደ ታች ይንጠለጠሉና መሬት ይጭራሉ፣ ያደናቅፉታል። የእኛ ካልሲ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ በብር ክር የተሠሩ ሁለት ቦታዎች አሉት። ተረከዝ ከመሬት ሲለቅ፣ ከጉልበቱ በታች የተሰካችው ትንሽ ሳጥን ኮረንቲ ትልክና ጡንቻውን ትቀሰቅሰዋለች፣ የእግሩ ጣቶች ቀና ይላሉ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ነርቩ ያለው ከጉልበት ወደ ውጭ ጎን ከምትገኘው ጎባጣ አጥንት ሥር ነው፤ በአውራ ጣቴ ዳስሼ የማገኘው እኔ ነኝ። በቅንድብ እርሳስ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ራቶሚር የሹራብ ማሽኑ ላይ ይቀመጥና የብር ክሩን ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ ያዛውረዋል። ደግመን እናለብሳለን። እግሩ ወደ ጎን ከተጠመዘዘ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ይተረተራል፣ እንደገና ይሠራል። እንዲህ ስንሠራና ስንተረትር ዓመታት ሄደዋል፤ የፈታሁትም በዚሁ መሃል ነው።

ለምን እንደፈታሁት ኢንስፔክተሩ ጠይቀውኛል። ሰውዬው የሠራውን ሁሉ መጀመሪያ በራሱ ላይ ይሞክራል። ይህን አልጠላበትም። ሁለቱንም እግሩን እስከ ጉልበቱ ተላጭቶ፣ በቁምጣ ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ግን የሰፈሩ ሰው ሳቀብኝ። ቀጥሎ የራሱ እግር አልበቃው ብሎ፣ ተኝቼ ሳለሁ የእኔ ባት ላይ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ኤሌክትሮድ ለጠፈ። እግሬ በገዛ ራሱ ተነስቶ የራስጌውን መብራት አደቀቀው። እኔ ስጮህ እሱ "እሰይ! አየሽ? እንቅልፍ ላይም ይሠራል!" አለኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። በማግስቱ ልብሱን በፌስታል አድርጌ በር ላይ አስቀመጥኩለት። እሱ ደግሞ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወርክሾፓችን ሄደና ከማሽኑ ጀርባ ታጣፊ አልጋ ዘረጋ፤ እስከተያዘበት ቀን ድረስ እዚያው ነው የሚያድረው። ማሽኑን እኔ አልለቅለትም፣ እሱም አይለቅልኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ሁለት ሞኞች አንድ ካልሲ ይዘን ቀረን።

ካልሲው የሚሠራው እርጥብ ሲሆን ነው፤ ደረቅ ጨርቅ ኮረንቲ አያሳልፍም። ስለዚህ ከመልበስ በፊት የብር ክሩ ያለበት ቦታ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ይረጫል፤ ሲደርቅ ይደገማል። በዚህ ጉዳይ ከራቶሚር ጋር ያልተሰዳደብንበት ሳምንት የለም። እኔ የምፈልገው በየክሊኒኩ እንዳለው ጄል ያለበት የሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ነበር። እሱ "ጄል ፀጉርና ቆሻሻ ይለቅማል፣ ወዲያው ይላጣል፤ ውሃ ግን በየቤቱ አለ" ይላል።

"ራቶሚር፣ ስማኝ" አልኩት። "በዚህ አገር ለታመመ ሰው እርጥብ ካልሲ የምታደርግ እናት አልተወለደችም። ያንተዋም ብትሆን አታደርገውም።"

"ታዲያ እናቶቹን ቀይሪያቸዋ!"

"አንተ ደረቅ!"

"ደረቅ ሲሆንማ አይሠራም እያልኩሽ ነው" ብሎኝ ወደ ማሽኑ ዞረ።

(ምስክሯ እዚህ ላይ ጠረጴዛውን በእጃቸው መትተዋል። ውሃ ቀርቦላቸው አልጠጡም።)

ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ሰማኝ። ጨርቁ ሲደርቅ ሳጥኗ ኮረንቲውን ቆርጣ ጢጥ ጢጥ እያለች እንድትጮህ አደረጋት። ስትጮህ ውሃ መርጨት ነው፤ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ይህንን ለቤተሰቦቼ በቃልም በሥራም አሳይቻቸዋለሁ።

አባቴ ሚሎሳቭ ፔሪሺች ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ስትሮክ መታው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ቢቆነጥጡት አይሰማውም። የቀሩት ቃላትም ጥቂት ናቸው። ካልሲውን መጀመሪያ ያደረግንለት በመስከረም ነው፤ ወላጆቼ ጎርኒ ዶል በሚባለው መንደር ነው የሚኖሩት። ከአልጋው ተነስቶ እስከ አጥሩ በር ሄደ። በሩን ይዞ አለቀሰ። እናቴ ጎስፓቫም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ራቶሚር አጎንብሶ የአባቴን ጫማ ሲያይ ቆየና "ተረከዙ ትንሽ ይዘገያል" አለ። ሌላ የሚለው ጠፍቶ! እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ወንድሜ ቩኮማን ከወላጆቼ ጋር ይኖራል፤ ፕሪም ያመርታል፣ አረቄ ያወጣል። ራቶሚርን የጠላው ገና በሠርጋችን ቀን ነው፤ ሙሽራው ከእሱ ጋር ክብ ሠርቶ በመጨፈር ፈንታ የባንዱን ድምፅ ማጉያ ሲፈታ ስለዋለ። ስፈታው ደግሞ ጠቡን ለራሱ ወሰደው። እኔ የፈታሁትን ሰው እሱ ከእኔ ብሶ ጠላልኝ።

የቤታችን ጠባቂ ቅዱስ ዲሜጥሮስ ነው። በበዓሉ ቀን አባወራው አይቀመጥም። እንግዳ ሳይጠራ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል፤ አባወራው ግን ቆሞ ይቀበላል፣ ቆሞ ይቀዳል፣ ቆሞ ይሸኛል። አባቴ ከታመመ ጀምሮ የሚያስበው ይህንን ቀን ብቻ ነበር። ቩኮማን "ዘንድሮ እኔ ልቁምልህ፣ አንተ ወንበርህ ላይ ሆነህ መርቅ" ሲለው አባቴ በደህና እጁ ጠረጴዛውን መታና "ቆሜ!" አለ። ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። እኔም አየሁት።

ሐሙስ ዕለት ራቶሚር ሳጥኗን ወርክሾፕ ወስዶ ባትሪዋን ቀይሮ መልሷል። ወንድሜ "ያኔ ነው ኃይሉን የጨመረው" የሚለው ለዚህ ነው። ዓርብ ኖቬምበር 8 ቀን ጠዋት ካልሲውን ለአባቴ ያለበስኩት እኔ ነኝ። በውሃ ያረጠብኩት እኔ ነኝ። ኃይሉንም ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ በአውራ ጣቴ ጡንቻውን ይዤ፣ ጣቶቹ ሲነሱ አይቼ፣ እዚያው ላይ ቆልፌዋለሁ። ከዚያ ለእናቴ "ቄሱ ሲመጡና ዳቦው ሲቆረስ ይቁም፤ ከዚያ አውልቂለት። ካልሲው ለግማሽ ሰዓት እንጂ ቀኑን ሙሉ እንዲለበስ አልተሠራም" አልኳት። "እሺ" አለችኝ። ተረኛ ስለነበርኩ ወደምሠራበት ክሊኒክ ሄድኩ።

የተመለስኩት ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ቤቱ ጢም ብሏል። ዓርብ ስለሆነ የጾም ድግስ ነበር፤ ዓሳው፣ ባቄላው፣ የሲጋራው ጭስ፣ አረቄው ተደባልቆ ገና ደጁ ላይ ይሸታል። አባቴ በሩ አጠገብ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ዓይኑ ግን ይስቃል። ሲያየኝ "ቆሜ" አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠም ነበር። እናቴን ተቆጣሁ። "እምቢ አለኝ፤ አባትሽን አታውቂውም?" አለችኝ። ትክክል ናት፤ አውቀዋለሁ።

እንግዳው ሲቀንስ አባቴን ጓዳ አስገብቼ ካልሲውን አወለቅኩለት። ከጉልበቱ በታች፣ የብር ክሩ ባረፈበት ቦታ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል አየሁ። መሃሉ ነጥቷል፣ ዙሪያው ጠቁሯል፣ ሥጋው ድረስ ገብቷል። አባቴ ምንም አልተሰማውም፤ እኔን እያየ ፈገግ ይላል። ደሜ ፈላ። ስልክ አነሳሁና ለራቶሚር "ና፤ አባቴን ጠብሰኸዋል፤ ና እና የሥራህን ውጤት እይ" አልኩት።

በብስክሌቱ መጣ። ማንንም ሰላም ሳይል ጓዳ ገባ፣ ተንበረከከ፣ የአባቴን እግር በሁለት እጁ ያዘ፣ ፊቱን ወደ ቁስሉ አስጠጋ። ከዚያ ቀና ብሎ እናቴን አያት። እናቴ በሩ ላይ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ተነስቶ ትሪውን ከእጇ ተቀበላትና "ቁስሉን በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ ሆስፒታል ይሂድ" አለ። ያን ጊዜ የሰጠሁት ትርጉም፣ ጥፋቱን አይቶ ደነገጠ የሚል ነበር።

ቩኮማን ገብቶ ኮሌታውን አነቀው። "ኃይሉን ጨምረሃል! ሐሙስ የወሰድካት ለዚህ ነው! እህቴ ስላባረረችህ በአባቴ ልትወጣው ነው አይደል፣ አንተ ውሻ!" አለው።

ራቶሚር የመለሰው አንድ ቃል ብቻ ነው። "የሠራሁት እኔ ነኝ" አለ።

ይህንን ፖሊስ "አምኗል" ብሎ እንደያዘው ተነግሮኛል። የራቶሚርን አነጋገር ለማያውቅ ሰው እንደዚያ ይመስላል። እሱ እንዲያ ሲል ካልሲውን የሠራሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ሰው እንዴት እንደሚሰማው ደንታ የለውም። ወንድሜ ግን አልጠበቀም፤ ሁለት ጊዜ ፊቱን መታው፣ ሳጥኗንም ነጥቆ ደጅ ወጣና እንጨት መፍለጫው ጉማጅ ላይ አስቀምጦ በመጥረቢያ ጀርባ አደቀቃት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ ቩኮማን ሁለቱንም ነው የደበደበው። ሳጥኗ ብትኖር ኃይሉ የት ላይ እንደተቆለፈ ማንም መሐንዲስ ከፍቶ ያየው ነበር። አሁን ዱቄት ሆናለች። ያ አበልጅ መኮንን ከእኛው ማዕድ ተነስቶ ራቶሚርን ይዞት ሄደ። ራቶሚር መኪና ውስጥ ሲገባ አፍንጫው ይደማ ነበር፤ እኔ ደጃፍ ቆሜ አንድ ቃል አልተናገርኩለትም። ይበለው ብዬ ነበር።

እንግዲህ ትናንት፣ ማክሰኞ፣ ያየሁትን እናገራለሁ። አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር ንጹህ ፒጃማ ልወስድለት ከሰዓት በኋላ ጎርኒ ዶል ሄድኩ። ፒጃማው ተጨማዷል፤ ልተኩሰው ካውያ ሰካሁ። ምድጃው አጠገብ ካለው መስኮት ላይ የካልሲያችንን መርጫ ጠርሙስ አገኘሁና ፒጃማውን ረጨሁ። ካውያውን ሳሳርፍበት በእንፋሎቱ የፕሪም አረቄ ሽታ ፊቴን መታኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ክዳኑን ከፍቼ ቀመስኩት። የቩኮማን አረቄ ነው፣ ያውም ሁለቴ የወጣው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በካውያ ሲወጣ ግን ያየሁት ትናንት ነው።

"እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ውሃ ነው።"

"ውሃ እንዲህ ይሸታል?"

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሽርጧን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች። "ምን ላድርግ ልጄ?" አለችኝ። "በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ነፋሱ እየገባ፣ በዚህ ብርድ፣ ለታመመ ሰው እርጥብ ካልሲ ላድርግበት? ስንት እንግዳ ፊት? ባሏን ገደለችው አይሉኝም? አረቄ ደግሞ ያሞቃል። አንቺስ ሲያተኩስሽ በምን አሽቼ ነው ያሳደግኩሽ?"

"ሳጥኗ አልጮኸችም?"

"ጮኸች እንጂ! ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ነው የዋለችው። ጠምቷት ነው እያልኩ ደግሜ ደግሜ አጠጣኋት። እንግዳው ሁሉ 'የሚሎሳቭ ካልሲ ከእኛ በላይ ጠጪ ነው' እያለ ሲስቅ ነበር።"

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ኢንስፔክተሩ እንዳስረዳ ጠይቀውኛል። ውሃ ጨርቁን በሙሉ ያረጥበዋል፤ ኮረንቲውም በሰፊው ተዘርግቶ ይገባል፣ ቆዳን አይጎዳም። አረቄ ግን ኮረንቲን በደንብ አያሳልፍም፤ ቶሎም ይተናል፣ ቆዳውንም ያደርቀዋል። እዚህም እዚያም ትንሽ እርጥበት ብቻ ይቀራል። ለመዳፍ ስፋት የተመጠነው ኮረንቲ በሙሉ በዚያች ነጥብ ይገባል። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ሳጥኗ ቆርጣ ጮኸች፤ እናቴ አረቄ ጨመረችላት፣ ሳጥኗም እንደገና ሠራች። ደህና እግር ቢሆን ሰውዬው ጮሆ ያወልቀው ነበር። የአባቴ እግር ግን አይሰማም። ኃይሉን የጨመረ ሰው የለም። እኔ የቆለፍኩት ኃይል ነው የበላው።

ከዚህ በኋላ እናቴ የነገረችኝን በራሷ አነጋገር ይጻፍልኝ። "ራቶሚር ያውቃል" አለችኝ። "እግሩ ላይ ሲያጎነብስ አሸተተ። ዓይኔን አይቶ አወቀብኝ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ተነሳና ትሪውን ከእጄ ተቀብሎ 'እማማ ጎስፓቫ፣ እርስዎ እንግዶችዎን ይሸኙ' አለኝ። ከዚያ ወንድምሽ ገባ።"

ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ንዴት ነው የተሰማኝ! ዝም አይነቅዝም ብሎ ተቀምጦልኛል! እኔ አስራ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ለሰው ስሜት ተጨንቆ ያላየሁት ሰው፣ ለእናቴ ሲል ማረፊያ ቤት ገብቶ ጥርሱን ነክሶ ቁጭ አለ። ማን ለመነው? እኔ ለመንኩት? ከፈታሁት በኋላ ውለታ ያሸክመኛል? ይህንን ውለታ አልፈልገውም፤ ዛሬ የመጣሁትም ልመልስለት ነው።

(ምስክሯ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ተጠይቀው "አላደርግም" ብለዋል።)

እናቴ ነገሩን ቅዳሜ ጠዋት ለቩኮማን ነግራው እንደነበር፣ እሱም "አፍሽን ዝጊ፤ ከተናገርሽ የሚያስሩት አንቺን ነው" እንዳላት ነገረችኝ። እሱ ቤቱ ጀርባ አረቄ እያወጣ ነበር። ጠርሙሱን ይዤ ሄድኩ። ከመዳቡ ጋን ሥር እሳት ይቆሰቁሳል። ሲያየኝ ብርጭቆ ዘረጋልኝ።

"ቅመሺ፣ የዘንድሮው ነው" አለኝ።

"የአምናውን ቀመስኩት። ከዚህ" ብዬ ጠርሙሱን አሳየሁት።

ቩኮማን እሳቱን ማየት ጀመረ። "እና?" አለ።

"እናማ ሰውዬው በሌለበት ጥፋት ታስሯል። አንተም ታውቃለህ።"

"ለዚያ ሽቦ ራስ ብለሽ እናትሽን ልታሳስሪ ነው? ትጠይው የለም እንዴ? መብራት ሰበረብኝ፣ ዕድሜዬን በላው ስትዪ አልነበር?"

"እጠላዋለሁ! እስከ ጥፍሩ ድረስ እጠላዋለሁ! ግን ጥላቻው የእኔ ነው። አባቴ ላይ ያላደረገውን አደረገ ብለህ የእኔን ጥላቻ አትበደረኝ።"

"አባባ እኮ ቀኑን ሙሉ ቆመ" አለኝ። "እኔ ልቁም ስለው ጠረጴዛ መታብኝ፣ የሱን ካልሲ አድርጎ ቆመ። ያ ውሻ ከእኔ ከልጁ በልጦ አቆመው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ቅናት ነው እንዴ? ጉድ እኮ ነው! ወንድሜ ሃምሳ ዓመቱ ነው። "አንተ ትልቅ ሰውዬ፣ በካልሲ ትቀናለህ?" አልኩት። ባልስቅበት ጥሩ ነበር፤ ግን ሳቅሁበት። እንጨቱን ከእጁ ወረወረና "ፖሊስ ጋ ከሄድሽ ወደዚህ ቤት እንዳትመለሺ" አለኝ።

ዞር ስል እናቴ ካፖርቷን ለብሳ፣ የእሑድ ሻሿን አስራ፣ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። "እኔም እሄዳለሁ" አለች። ቩኮማን "እማዬ፣ አብደሻል? ያስሩሻል!" አላት። እሷም "ይሰሩኛ። ስንት ዓመት ስንት ድግስ ቆሜ አብስያለሁ፤ እዚያ ቢያንስ ያስቀምጡኛል። በእኔ ጥፋት የሰው ልጅ አይታሰርም" አለችው። ወንድሜ እጇን ሊይዝ ሲል "እሳትህን ጠብቅ፣ ይንርብሃል" ብላው አለፈች። አብራኝ እኔ ቤት አደረች። አሁን ከዚህ ክፍል ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ መርጫ ጠርሙሱም በቦርሳዋ ውስጥ አለ። ቀጥሎ እሷ ትገባለች። ስትገባ አይጩሁባት። ወንበርም ይስጧት፣ አትጠይቅም።

ስለ ራቶሚር የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ጥፋት የለበትም አልልም። እርጥብ ካልሲ በዚህ አገር አይሆንም ብዬ ነግሬዋለሁ፤ አልሰማም። ጢጥ ጢጥ የምትል ሳጥን ለእናቴ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቃትም። ይህ ግን ግትርነት ነው እንጂ ወንጀል አይደለም። ግትርነት ቢያሳስር ይህ ከተማ ባዶውን ይቀር ነበር። አባቴ ትናንት ሆስፒታል ስጠይቀው በደህና እጁ የታመመ እግሩን መታ መታ አድርጎ "ካልሲ" አለኝ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከጠባሳው ፈንጠር ብሎ የሚያርፍ አዲስ ካልሲ መሠራት አለበት። የዚህ ጊዜው በጄል ይሆናል። ማሽኑ ላይ መቀመጥ የሚችለው ደግሞ እናንተ ዘንድ ነው ያለው። ስለዚህ እንዲለቀቅ እጠይቃለሁ። ሲለቀቅ ደጅ ቆሜ የምጠብቀው እንዳይመስለው፤ ወርክሾፑ የት እንዳለ ያውቃል።

ይህ ቃሌ በኢንስፔክተሩ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። እኔ ካልኩት የተጨመረም የተቀነሰም የለም፤ "ሽቦ ራስ" የሚለው እንዲሰረዝ ተጠይቄ እምቢ ብያለሁ። ከላይ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ እጠላዋለሁ ያልኩትም ጭምር። በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ስታኒያ ፔሪሺች

የመኮንኑ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከፈረሙ በኋላ በሩ ላይ ደርሰው ተመልሰዋል። ከካፖርታቸው ኪስ በእጅ የተሠራ አንድ ጥንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አውጥተው "የማረፊያ ክፍሉ ወለል ይበርዳል፤ እሱ ደግሞ እግሩን ተላጭቷል" በማለት ለተጠርጣሪው እንዲሰጥላቸው ጠይቀዋል። ከማን ነው ይባል ተብለው ሲጠየቁ "ከእናቴ ነው በሉት" ብለዋል። ወይዘሮ ጎስፓቫ ፔሪሺች ቃላቸውን ሊሰጡ ሲገቡ ስለ ካልሲው ተጠይቀው እንደማያውቁ ተናግረዋል። ካልሲው በደንቡ መሠረት ተፈትሾ፣ ደረቅ መሆኑ ታይቶ፣ ለተጠርጣሪው ተሰጥቷል።

ኢንስፔክተር ኔጎስላቭ ትሪፑኖቪች (ፊርማ)